ከዕዳ መዝገብ እስከ ርእሰ ብሔርነት፤ የወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ የሥራ ታሪክ

በንግድ ሥራ ለሚኖር ሰው ከገንዘብ የሚቀድም ሀብት እንዳለ ማስረዳት አያስፈልግም። ነጋዴ ካዝናው ባዶ ሆኖ ሳለ ስሙ ከታመነ ዕቃ በዱቤ አግኝቶ ሊነሣ ይችላል፤ ካዝናው ሞልቶ ስሙ ከጠፋ ግን ገንዘቡ ባለቀ ዕለት ንግዱም አብሮ ያልቃል። ይህ በአንድ ሱቅ ላይ የሚታየው ነገር በአንድ አገር መንግሥት ላይም እንዲሁ ይታያል። መንግሥት የተበደረውን ሳይከፍል ሲቀር ጉዳቱ በገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም። የዚያ አገር አስመጪ የሚከፍተውን የባንክ መተማመኛ ሰነድ የውጭው ባንክ አልቀበልም ይላል፤ ሻጩ ገንዘቡን አስቀድመህ ካላስረከብህ ዕቃውን አልጭንም ይላል፤ የመድን ድርጅቱም ዐረቦኑን ከፍ ያደርጋል። በመጨረሻም ቸርቻሪውና ሸማቹ ሕዝብ የመንግሥቱን ዕዳ በየዕለቱ በዕቃ ዋጋ ላይ ጨምሮ ይከፍላል።

ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ይህን ጉዳይ ከታች ከጽሕፈት ጠረጴዛው ጀምረው እስከ መንግሥቱ ራስ ድረስ ያወቁትን የአንዲት አፍሪካዊት ሴት ታሪክ ነው። የላይቤሪያዋ ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ የመንግሥት ሥራቸውን የጀመሩት በአገራቸው የገንዘብ መሥሪያ ቤት በዕዳ አከፋፈል ክፍል ሲሆን፣ ከ40 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ምድር በሕዝብ ምርጫ ርእሰ ብሔር የሆኑ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነው ያንኑ የዕዳ መዝገብ ሊዘጉ ተመለሱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ላይቤሪያ ከአሜሪካን አገር ነጻ ወጥተው በመጡ ጥቁር ሰፋሪዎች ተቆርቁራ በ1847 ነጻነቷን ያወጀች አገር ናት። ሥልጣኑንና ሀብቱን ለብዙ ዘመን ይዘው የቆዩት የእነዚያ ሰፋሪዎች ተወላጆች ሲሆኑ፣ ነባሩ ሕዝብ ግን ከመንግሥት ሥራ ርቆ ይኖር ነበር። ወይዘሮ ኤለን ኦክቶበር 29 ቀን 1938 በሞንሮቪያ ከተማ ሲወለዱ አባታቸው ከነባሩ የጎላ ነገድ የተገኙና በሰፋሪዎች ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ከነባሩ ሕዝብ ወገን ለአገሪቱ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያው ሰውም እርሳቸው ናቸው። እናታቸው ደግሞ የክሩ ነገድ ተወላጅ ከሆኑ እናትና ከአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ የተወለዱ ናቸው። ይህ ነጋዴ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይቤሪያ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ አገሩን ለቅቆ መሄድ ግድ ሆኖበታል።

ሁለቱም ሴት አያቶቻቸው ገበሬዎችና የመንደር ነጋዴዎች እንደ ነበሩ፣ ማንበብና መጻፍም እንደማይችሉ፣ ነገር ግን በትምህርት ያምኑ እንደ ነበር ወይዘሮ ኤለን ራሳቸው በማርች 2006 በአሜሪካን ምክር ቤቶች የጋራ ጉባኤ ፊት ባደረጉት ንግግር ላይ ተናግረዋል። በኋላ ዘመን የገበያ ሴቶች ስለ ምን እንደ ልጃቸው አድርገው እንዳዩአቸው ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ቤተሰቡ በደኅና ኑሮ ላይ ሳለ አባታቸው በድንገተኛ ሕመም ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ስለ ወደቁ፣ ኑሮው እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ። ልጅቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በ17 ዓመታቸው ትዳር ያዙ፤ አራት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ከዚያም በ1961 ከባለቤታቸው ጋር ወደ አሜሪካን አገር ተጉዘው በማዲሰን ከተማ በሚገኝ የንግድ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተማሩ። ትምህርቱን የተከታተሉት በምግብ አቅራቢነትና በወለል ጠራጊነት እየሠሩ ነበር። ትዳራቸው በጥቃት ምክንያት ፈረሰ፤ ሙያቸው ግን ከእጃቸው አልወጣም።

በገንዘብ መሥሪያ ቤት

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1965 በገንዘብ መሥሪያ ቤት ገብተው የመንግሥቱ ዕዳ የሚከፈልበትን ክፍል በኀላፊነት ያዙ። የሌላ አገር ባንክ ምን ያህል እንዳበደረ፣ ወለዱ መቼ እንደሚደርስ፣ ክፍያው አንድ ቀን ቢዘገይ ምን እንደሚያስከትል በየቀኑ የሚታየው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የአገሪቱ አስተዳደር የሚሄድበት መንገድ የማያዛልቅ መሆኑን ገና በዚያን ጊዜ በይፋ ተናግረው ሹማምንቱን አስቆጥተዋል። በ1971 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት አስተዳደር የማስትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በፕሬዚዳንት ዊልያም ቶልበርት ዘመንም በገንዘብ ሚኒስቴር በከፍተኛ ሹመት ሠሩ። በመካከሉ ለጥቂት ዓመታት በዓለም ባንክ ከሠሩ በኋላ ተመልሰው፣ በኦገስት 1979 በላይቤሪያ ታሪክ የመጀመሪያዪቱ ሴት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ነገር ግን ሹመቱ የመጣው ቤቱ ሊቃጠል በተቃረበበት ሰዓት ነበር። የላይቤሪያ ሕዝብ ዋና ምግቡ ሩዝ ሲሆን፣ ከሚበላውም ብዙው ከውጭ የሚመጣ ነው። በ1979 መጀመሪያ ላይ መንግሥት 22 ዶላር የነበረውን የ100 ፓውንድ የሩዝ ከረጢት ዋጋ ከፍ ለማድረግ ባሰበ ጊዜ፣ ኤፕሪል 14 ቀን በሞንሮቪያ ታላቅ ሁከት ተነሣ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ሱቆችና መጋዘኖችም ተዘረፉ። የከተማው ነጋዴዎች የደረሰባቸው ኪሳራ ከፍ ያለ ነበር። ሰዎች የገንዘብ ሚኒስትሯን በአዲሱ ወንበራቸው ላይ ያዩአቸው ከዚህ ሁከት ከአራት ወር በኋላ ነው።

ዓመትም ሳይሞላ ኤፕሪል 12 ቀን 1980 በሳሙኤል ዶ የሚመሩ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ወታደሮች ፕሬዚዳንቱን ገድለው መንግሥቱን ያዙ። ከ10 ቀን በኋላም 13 ታላላቅ ሹማምንት በሞንሮቪያ የባሕር ዳርቻ ከእንጨት ጋር ታስረው በጥይት ተደበደቡ። ከሚኒስትሮቹ መካከል ከሞት ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ወይዘሮ ኤለን ነበሩ።

በስደትና በእስራት

ከዚያ በኋላ ለአጭር ጊዜ የአገሪቱን የልማት ባንክ ከመሩ በኋላ አገራቸውን ለቅቀው ወጡ፤ በ1981 ናይሮቢ ላይ በሲቲባንክ የአፍሪካ ቢሮ በምክትል ፕሬዚዳንትነት ተቀመጡ። የተበዳሪን መንግሥት ጉዳይ ከውስጥ ያወቁት ሴት አሁን ከአበዳሪው ወንበር ሆነው ያዩት ጀመር። ይህ ሁለቱንም ወገን የማወቅ ነገር በኋላ ዘመን እጅግ ጠቀማቸው።

በ1985 ለምርጫ ሊወዳደሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ገዢዎቹን የሚነቅፍ ንግግር አድርገዋል ተብለው በወታደር ችሎት የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በአገር ውስጥና በውጭ በተነሣው ጩኸት ምክንያት ብዙም ሳይቆዩ ተለቀቁ። በእንደራሴዎች ሴኔት ምርጫ አሸናፊ መሆናቸው ቢነገራቸውም፣ የምርጫው ቈጠራ የተጭበረበረ ነው ብለው ወንበሩን አልቀበልም አሉ። ወዲያውም በኖቬምበር የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተደረገ ጊዜ እንደገና ታሰሩ፤ የተፈቱት በጁላይ 1986 ነው። ከዚያ በኋላ በስውር ከአገር ወጡ። በስደት ዘመናቸው በባንክ ሥራ ቆይተው፣ ከ1992 እስከ 1997 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የአፍሪካ ክፍል ዲሬክተር ሆነው አገልግለዋል።

በዚህ መካከል ላይቤሪያ በእሳት ላይ ነበረች። በ1989 መጨረሻ ቻርልስ ቴይለር ያስነሣው ጦርነት፣ ጥቂት ጊዜ ረግቦ እንደገና እየተነሣ እስከ 2003 ቆየ። የሞተው ሰው ቍጥር እስከ 250,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ከ1987 እስከ 1995 ባለው ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በ90 በመቶ ወደቀ፤ በሌላ አነጋገር 10 ይገባ ከነበረው ቤት ውስጥ 1 ብቻ ቀረ። ወይዘሮ ኤለን በ1997 በተደረገው ምርጫ ከቴይለር ጋር ተወዳድረው 10 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው ሁለተኛ ሆኑ፤ ቴይለር 75 በመቶ በሆነ ድምፅ አሸነፈ።

ጦርነቱ በ2003 በአክራው ውል ካበቃ በኋላ ሰላም አስከባሪ ከላኩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ግን ከዚያ ቀደም ያለ ነው፤ በ1960 ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ መብት ደቡብ አፍሪካን በዓለም ፍርድ ቤት የከሰሱት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በአንድነት ሆነው ነበር።

ምርጫውና የገበያ ሴቶች

በኦክቶበር 2005 በተደረገው ምርጫ መጀመሪያ የቀደመው ዝነኛው የእግር ኳስ ተጫዋች ጆርጅ ዊያ ነበር፤ እርሱ 28.3 በመቶ፣ ወይዘሮ ኤለን 19.8 በመቶ አገኙ። በሁለተኛው ዙር ግን በኖቬምበር 8 ቀን 59.4 በመቶ በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ለዚህ ድል ብዙ ድካም ካደረጉት መካከል የገበያ ሴቶች ይገኛሉ። በላይቤሪያ ጦርነት ዘመን ትልልቆቹ የንግድ ቤቶች ተዘግተው ሳሉ በጦር ሰፈሮች መካከል እያለፉ ካሳቫና ዘይት፣ ጨውና ሩዝ ለከተማው ሲያደርሱ የቆዩት እነዚህ በእኛ አገር ባለጉልት የምንላቸው ቸርቻሪዎች ናቸው። በምርጫውም ጊዜ ሴቶች በብዛት ተመዝግበው ድምፅ እንዲሰጡ አደረጉ። ወይዘሮ ኤለንም ውለታውን አልዘነጉም፤ በ2007 በስማቸው የተቋቋመ የገበያ ሴቶች ድርጅት ገበያዎችን ለማሠራትና ለነጋዴዎቹ ብድርና የንባብ ትምህርት ለማቅረብ ሥራ ጀመረ።

የተረከቡት ካዝና

ጃንዋሪ 16 ቀን 2006 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የተረከቡት አገር ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ዋና ከተማዪቱ 15 ዓመት ያህል የሕዝብ መብራትና የቧንቧ ውኃ አልነበራትም። የመንግሥቱ ዓመታዊ ባጀት 80 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የውጭ ዕዳው 4.9 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ይህ ዕዳ አገሪቱ በዓመት ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ዋጋ 30 እጥፍ ማለት ነው። አንድ ባለሱቅ በዓመት የሚሸጠውን ሁሉ ሳይበላና ሳይለብስ 30 ዓመት ሙሉ ቢከፍል እንኳ ወለዱን ሳይጨምር ከዕዳው የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው። ከላይቤሪያ የወጪ ንግድ ዕቃዎች መካከል አልማዝና የደን ግንድ፣ ገንዘባቸው ለጦርነት ይውል ስለ ነበር በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ታግደዋል። የቀድሞው የሽግግር መንግሥትም ገንዘብ በመባከኑ ምክንያት የውጭ አገር የሒሳብ ዐዋቂዎች በሚኒስቴሩ፣ በባንኩ፣ በወደቡና በጉምሩኩ ተቀምጠው ያለ እነርሱ ፊርማ ወጪ እንዳይደረግ የሚል ውል በሴፕቴምበር 2005 ፈርሞ ነበር።

ለአንድ ነጻ መንግሥት ከባዕድ ሰው ጋር አብሮ መፈረም የሚያስከፋ ነገር ነው። አዲሷ ፕሬዚዳንት ግን ውሉን አላፈረሱትም። ስሙ የጠፋ ነጋዴ መጀመሪያ ዋስ መጥራት እንዳለበት የባንክ ሰው ስለ ሆኑ ያውቁ ነበር። ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት የገንዘብ ሚኒስቴርን ሠራተኞች በጅምላ አሰናብተው፣ ንጹሕ የሆነው እንደገና እንዲያመለክት አደረጉ። የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ከዓለም ባንክ ለመጡት ለወይዘሮ አንቷኔት ሳዬ፣ የንግድና ኢንዱስትሪውን ሚኒስትርነት ደግሞ ለወይዘሮ ኦሉባንኬ ኪንግ አከሬሌ ሰጡ። በዚያው ዓመት በጁላይ 26 የነጻነት በዓል ቀን በሞንሮቪያ አንዳንድ መንገዶች ላይ የመብራት ብርሃን ታየ። መብራቱ ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ለዓመታት በኩራዝና በግል ጄኔሬተር ሲሸጥ ለኖረው ባለሱቅ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ዕዳው እንዴት ተሰረዘ

የዕዳው ነገር በልመና ብቻ የተፈጸመ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አካሄዱ ግን እንደ ንግድ ሒሳብ በደረጃ የተሠራ ነው። የድኾች አገሮች ዕዳ የሚቀነስበት ደንብ እንደሚለው፣ ተበዳሪው አስቀድሞ ከዓለም ባንክ፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ያለበትን ውዝፍ ማጽዳት አለበት፤ ውዝፉን ለማጽዳት ደግሞ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ወዳጅ አገሮች ለመሸጋገሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዲሰጡ አንድ በአንድ ማግባባት አስፈለገ። የሁለቱ ባንኮች ውዝፍ በዲሴምበር 2007፣ የገንዘብ ድርጅቱ ደግሞ በማርች 2008 ጸዳ፤ ለኋለኛው ብቻ ከመቶ የማያንሱ አባል አገሮች ድርሻ አዋጡ።

ሁለተኛው ደረጃ ከግል አበዳሪዎች ጋር መነጋገር ነበር። እነዚህ ባንኮችና የገንዘብ ኩባንያዎች በመዝገብ ላይ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የቆየ ዕዳ ነበራቸው። በኤፕሪል 2009 በተደረገው ስምምነት ከአንዱ ዶላር 3 ሳንቲም ያህል እየተቀበሉ ሰነዱን መለሱ። አበዳሪዎቹ ስለ ምን ተቀበሉ ቢባል፣ ፈጽሞ ከማይሰበሰብ መቶ ዶላር በእጅ የገባ ሦስት ዶላር ይሻላልና ነው። ከዚህ ስምምነት የወጡ ሁለት የገንዘብ ኩባንያዎች ግን ከ1978 ብድር የመነጨ ሰነድ ይዘው በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በኖቬምበር 2009 ከ6 ሚሊዮን ዶላር ያህል የተነሣው ዕዳ ከነወለዱ 20 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተፈረደላቸው። ይህ ነገር በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ስላስቆጣ ፓርላማው በ2010 እንዲህ ያለውን ክስ የሚገታ ሕግ አወጣ፤ ኩባንያዎቹም በዚያው ዓመት እንደ ሌሎቹ ከመቶው 3 ያህል ተቀብለው ተስማሙ። ነጋዴ ሰው ከዚህ አንድ ነገር ይማራል፤ ያልተዘጋ የድሮ ሰነድ የትም ቢጣል በማን እጅ እንደሚገባና መቼ ዕዳ ከሜዳ ሆኖ እንደሚመጣ አይታወቅም።

በመጨረሻም በጁን 2010 የዓለም ባንክና የገንዘብ ድርጅቱ 4.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ዕዳ እንዲቀር ፈቀዱ። የመንግሥቱ ዓመታዊ ባጀት ከ80 ሚሊዮን ተነሥቶ በሁለተኛው ዘመነ ሥልጣናቸው መጀመሪያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ።

ደን፣ አልማዝና ብረት

ዕዳ መሰረዙ ብቻ ንግድን አያቆምም፤ የሚሸጥ ዕቃና የሚታመን ውል ያስፈልጋል። በደኑ ላይ የተሰጡት የመጠቀሚያ ፈቃዶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ በጠቅላላው የሚይዙት መሬት ከአገሪቱ ደን ስፋት ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው ተሸጦ ነበር ማለት ነው። ፕሬዚዳንቷ በፌብሩዋሪ 2006 በመጀመሪያ ትእዛዛቸው ፈቃዶቹን ሁሉ ሠረዙ። ከዚህም የተነሣ የደኑ እገዳ በጁን 2006፣ የአልማዙ እገዳ ደግሞ በኤፕሪል 2007 ተነሣ። የብረት ማዕድኑን በሚመለከት፣ የሽግግር መንግሥቱ ከሚታል ኩባንያ ጋር ያደረገው ውል ወደቡንና የባቡሩን ሐዲድ ሳይቀር ለኩባንያው የሚያስረክብ ነበርና እንደገና ተደራድረው በዲሴምበር 2006 አሻሻሉት። ሐዲዱና የቡካናን ወደብ ለመንግሥት ተመለሱ፤ የመጀመሪያው የብረት ጭነትም በሴፕቴምበር 2011 ወጣ። በ1926 አንድ ሚሊዮን ኤከር መሬት ለ99 ዓመት የወሰደው የፋየርስቶን የጎማ ተክል ውልም በ2008 ተሻሻለ።

የሩዙን ነገርም አልረሱትም። በ2008 የምግብ ዋጋ በዓለም ሁሉ በናረ ጊዜ ከውጭ በሚገባው ሩዝ ላይ ያለው ቀረጥ እንዲታገድ አዘዙ። በ1979 በሩዝ ከረጢት የተነሣውን ሁከት በምክትል ሚኒስትርነት ላዩ ሰው የዋጋው ነገር ምን ያህል የመንግሥት ጉዳይ እንደ ሆነ አይሰወርም።

የላይቤሪያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ጥያቄ የቀረበው በ2007 ሲሆን የጸደቀው በዲሴምበር 2015 ናይሮቢ በተደረገው የሚኒስትሮች ጉባኤ ላይ ነው። ከ30 ዓመት በፊት በስደት በባንክ ሠራተኛነት በኖሩበት ከተማ አሁን በርእሰ ብሔርነት ተገኝተው ስምምነቱን ተቀበሉ። አባልነቱም በጁላይ 2016 ጸና።

ሒሳቡ ያልገጠመበት

ጥሩ የሒሳብ መዝገብ ገቢውን ብቻ አያሳይም። ወይዘሮ ኤለን በ1990 ግድም ለቻርልስ ቴይለር እንቅስቃሴ መጀመሪያ ላይ ድጋፍ ሰጥተው ገንዘብም አሰባስበው ነበር፤ ይህንንም በ2009 በአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሲዮን ፊት አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። ኮሚሲዮኑ ለ30 ዓመት ከሥልጣን እንዲርቁ ሐሳብ ካቀረበባቸው ሰዎች መካከል ቢቈጥራቸውም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ሐሳቡን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ ነው ብሎ ሻረው። አንድ ዘመን ብቻ አገለግላለሁ ብለው የነበሩት ፕሬዚዳንት በ2011 እንደገና ተወዳደሩ፤ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣቸው ሰሞን በተደረገው በዚሁ ምርጫ ተቃዋሚያቸው ከሁለተኛው ዙር ስለ ወጡ ያለ ተፎካካሪ አሸነፉ።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን የጎዳው የቤተሰብ ሹመት ነው። አንዱ ልጃቸው የነዳጅ ዘይት ኩባንያው ቦርድ ሰብሳቢ፣ ሁለተኛው የብሔራዊው ባንክ ምክትል ገዥ ነበሩ። ምክትል ገዥው ሀብታቸውን ስላላስመዘገቡ በኦገስት 2012 ከሌሎች ብዙ ሹማምንት ጋር በእናታቸው ትእዛዝ ከሥራ ታገዱ፤ የነዳጁ ሰብሳቢም በ2013 ለቀቁ። የኖቤሉን ሽልማት ከእርሳቸው ጋር የተካፈሉት ወይዘሮ ሌይማ ግቦዊም በዚሁ ምክንያት ነቅፈዋቸው በ2012 ከዕርቅ ኮሚቴው መሪነት ወጡ። የመንግሥቱን ሌብነት በኀይል የገለጡት ዋናው ኦዲተር የሥራ ዘመናቸው በ2011 ሳይታደስ ቀረ። በደኑም በኩል ሕጉን በሚሸሽ የግል ፈቃድ ስም ከአገሪቱ መሬት ሩብ ያህሉ ተሰጥቶ በ2012 ተገኘ፤ ፈቃዱ ቢታገድና ሹሙ ቢባረርም፣ ያው የ2006 በሽታ ተመልሶ መምጣቱን ሁሉም አየ። በሥልጣናቸው የመጨረሻ ዓመት ፕሬዚዳንቷ ራሳቸው ሌብነትን ለማጥፋት የገቡትን ቃል በሙሉ እንዳልፈጸሙ ለምክር ቤቱ ተናግረዋል።

በ2014 የኢቦላ ወረርሽኝ ገብቶ ከ10,000 በላይ ሰው ሲያዝ 4,800 ያህል ሞተ፤ በዚያው ወራት የብረትና የጎማ ዋጋ ወደቀ። ድንበርና ገበያ ተዘጋ፤ መርከብና አይሮፕላን ቀረ። ይህ ጥፋት የተከለው ብዙ ነገር ሲነቅል፣ ለዕዳ ይከፈል የነበረ ገንዘብ አለመኖሩ ግን መንግሥቱን እንደ ቀድሞው ከመፍረስ ካዳኑት ነገሮች አንዱ ነበር ለማለት ይቻላል። ጃንዋሪ 22 ቀን 2018 ሥልጣኑን ለቀድሞ ተወዳዳሪያቸው ለጆርጅ ዊያ በሰላም አስረከቡ። በላይቤሪያ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ለተመረጠ ፕሬዚዳንት በሰላም ሲያስረክብ ከ1944 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሚቀጥለው ወር የሞ ኢብራሂም የመልካም አስተዳደር ሽልማት ተሰጣቸው።

ለነጋዴው የሚተርፈው ትምህርት

ይህን ታሪክ ለንግድ ማኅበረ ሰባችን ያቀረብነው የአንዲትን ታላቅ ሴት ክብር ለማውሳት ብቻ አይደለም። አገራችንም በኤፕሪል 2004 በዚያው የድኾች አገሮች ደንብ ዕዳዋ የቀለለላት፣ በዲሴምበር 2023 ደግሞ 33 ሚሊዮን ዶላር የሆነ የቦንድ ወለድ በቀኑ ሳትከፍል የቀረች አገር ናት። የውጭ ምንዛሪ ወረፋና የሻጮች ቅድሚያ ክፍያ ምን ማለት እንደ ሆነ አስመጪዎቻችን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ከላይቤሪያ ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የጠፋ ስም በንግግር አይመለስም፤ የሚመለሰው መዝገብን ለሌላ ሰው ዐይን በመክፈት ነው። ለጊዜው ሁለት ፊርማ መታገሥ ከዘለዓለም ዋስ አልባነት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ዕዳ ከመሰረዙ በፊት አበዳሪን ሁሉ ለይቶ ማወቅ፣ ከእያንዳንዱም ጋር ሰነዱን መዝጋት ያስፈልጋል፤ የተረሳው ጥቂቱ ሰነድ ነው በፍርድ ቤት የሚቆመው። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ስም ከተመለሰ በኋላ መጠበቅ አለበት። የአገሩን ዕዳ በ4 ዓመት ተኩል ያሰረዙት እጆች የልጅን ሹመት ለመከልከል በደከሙ ጊዜ፣ ከተሰበሰበው እምነት ከፊሉ ባክኗል።

ወይዘሮ ኤለን ባለጉልት ከነበሩ ሴት አያቶች ተወልደው፣ ከዕዳ ክፍል ጠረጴዛ ተነሥተው፣ በእስራትና በስደት አልፈው የአገር መሪ ሆኑ። ከሥራቸው ሁሉ ጸንቶ የሚኖረው ላይቤሪያዊው ነጋዴ በአገሩ ስም ሰነድ ይዞ ወደ ባንክ መስኮት ሲቀርብ እንደ ቀድሞው በሩ እንዳይዘጋበት ማድረጋቸው ነው። ይህን ያህል ለነጋዴ የሠራ መሪ፣ ጉድለቱ ሳይሸሸግ ሊመሰገን ይገባዋል።